ወርቅማ ዓሦቹ ያልበሉት ቅጠል

ውድ ዘመናይ፥

ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ሪያድ በመላዙ ቤት ኩሽና በር ላይ ቆሜ «እህቴ» ስልሽ ኖርኩ፤ አንቺም «ወንድሜ» ስትይኝ። እዚህ ሐበሻ ሁሉ የሚጠራራው እንዲያ ነውና አፌ ለመደው። ዛሬ ግን ቃሉን ሆን ብዬ ከደብዳቤው ራስ ላይ አስቀረሁት፤ ሰው ለእህቱ ሽማግሌ አይልክምና። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋኛል። ስለዚህ ጠቅልሎ ወደ ሀገሩ በሚገባው በሹፌራችን በፍቅሬ እጅ ልኬልሻለሁ።

ሀገር ከገባሽ በኋላ በጥር ወር የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ታስታውሺው ይሆን? «ወንድሜ ባዩ፣ እኛ ቤት ሽማግሌ መጥቶልሃል! ላኪው የእህል ነጋዴ ነው አሉ። አባቴ መልሱን ለዳግማይ ትንሣኤ ቀጥሯቸዋል። እኔ እንጃ!» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን በፊት እናንተ ዘንድ መካነ ሰላም ካልደረስኩ ሌላ ሰው ሊያገባሽ ነው፤ ለመድረስ ደግሞ አሠሪያችን ባባ ኡመር የመውጫና የመመለሻ ፈቃድ በስልካቸው ሊከፍቱልኝ ይገባል።

እንደምታውቂው ከዐስር ሶላት በኋላ ባባ ከትልቁ የዓሣ ገንዳ ፊት ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። አንቺ ትወለውይው የነበረውን የፕላስቲክ ቅጠል አስወጥተው «ሕያው ተክል ካልሆነ አላይም» ካሉ ሰንብተዋል። እጄን አጣምሬ ፈቃዱን ስለምናቸው ዓይናቸውን ከስምንቱ ወርቅማ ዓሦች ላይ ሳያነሱ፣

«አንተ ከሄድክ እነዚህን ሌቦች ማን ይጠብቃቸዋል? በየሳምንቱ የሚነቅሉትን ማን ይተክላል?» አሉኝ።

«እኔ... ባባ፣ አንድ መላ...»

«ያለ አንተ እጅ አንድ ወር የሚቆም ተክል አሳየኝ፤ ያን ቀን እከፍትልሃለሁ። ኸላስ።»

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ ቅጠል አያሸንፈኝም ብዬ ወጣሁ። መጀመሪያ ያመጣሁት እንስላል የመሰለ ለስላሳ ተክል ነበር፤ ለቁርሳቸው እንኳ አልበቃም። ቀጥዬ ቅጠለ ሰፊውን በአሸዋው ውስጥ ተከልኩ። እርሱን አልበሉትም፤ ነገር ግን ምግብ ፍለጋ አሸዋውን በአፋቸው እየዛቁ ሥሩን ነቅለው አንሳፈፉት። ፍቅሬ ከበሩ ላይ ሆኖ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ ነው የምታረባው ወይስ ፍየል?» ይለኛል።

በመጨረሻ እዚሁ ሪያድ መንሱራ ሰፈር ውስጥ ዓሣና የውኃ ተክል የሚሸጥ ነቢል የሚባል ግብፃዊ አገኘሁ። አኑቢያስ የሚሉትን፣ ቅጠሉ እንደ ቆዳ የጠነከረ ተክል ሰጠኝና «ይህን ዓሣ አይደፍረውም» አለኝ። ሌላ ደንበኛ እየጠራው ስለ ነበረ አተካከሉን በጥድፊያ «ዐላ ሐገር! ዐላ ሐገር!» ብሎ ሸኘኝ። ደስ አለኝ! ከሐበሻ ደንበኞቹ አንዲት ቃል ለምዶ፣ በሀገርህ ደንብ ትከለው ማለቱ መሰለኝ። እንግዲህ እኛ ዘንድ ወረኢሉ ላይ የጌሾ ችግኝ እንደሚተከለው አድርጌ፣ አሸዋውን በጥልቀት ቆፍሬ፣ ግንዱን እስከ አንገቱ ቀብሬ በመዳፌ ጠቀጠቅሁት። ዓሦቹ በእውነት አልነኩትም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን ግንዱ ጠቁሮ ሸተተ፤ ቅጠሉም አንድ በአንድ ረገፈ።

የበሰበሰውን በፌስታል ይዤ ተመለስኩ።

«ምን አደረግኸው ያ ሐበሺ?»

«እንዳልከኝ በሀገሬ ደንብ ቀበርኩት።»

«ቀበርከው? ሞቶ ነበር እንዴ!»

«ራስህ አይደለህም ወይ ‹ሀገር› ያልከኝ?»

ነቢል ከመደርደሪያው ድንጋይ አንሥቶ ጠረጴዛውን ይቀጠቅጠው ጀመር። «ሐገር! ይኸው ሐገር!» ዓሣ ሊገዙ የመጡ አንድ የሪያድ ሽማግሌ ሳቃቸው አላናግር ብሏቸው ቆይተው፣ «ልጄ፣ እኛ ‹ሐጀር› የምንለውን ድንጋይ ግብፆች ‹ሐገር› ይሉታል። ድንጋይ ላይ እሰረው ነው የሚልህ» አሉኝ። ዘመናይ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ለካ ይህ ተክል የሚሳብ ወፍራም ግንዱ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ድንጋይ ላይ ከታሰረ ግን ራሱ ይጣበቃል፤ ዓሦቹም የሚቆፍሩት አሸዋ ስለማያገኙ አይነቅሉትም። ነቢል አዲስ አኑቢያስ ሰጥቶኝ ሌላም ጨመረልኝ፤ ጃቫ ፈርን ይባላል፣ ቅጠሉ ለዓሣ አፍ አይጥምም፣ የሚታሰረውም እንደዚያው ነው። ከዚያም «ምን ታበላቸዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደረቁን የፋብሪካ ምግብ ብቻ መሆኑን ስነግረው ግንባሩን መታ። «አረንጓዴ አምሯቸው ነዋ!» ለካ እኔ በሑዳዴ ጎመን ስበላ እነርሱ ዓመቱን ሙሉ በፍስክ ተሰቃይተዋል። አሁን የተቀቀለ አተር ልጬ፣ ሰላጣ በፈላ ውኃ ነክሬ እሰጣቸዋለሁ፤ ከጠገቡ በኋላ ተክሉን ዞር ብለው አያዩትም።

ሁለቱንም ተክል አንቺ ትተሽው በሄድሽው ጥቁር ክር ድንጋይ ላይ አሰርኩና ሠላሳውን ቀን መቁጠር ጀመርኩ። የአኑቢያሱ ቅጠል ዐሥራ አራት ነበር። ጠዋት ጠዋት ግቢውን ከመጥረጌ በፊት እቆጥረዋለሁ። በሃያ አንደኛው ቀን ዐሥራ ሦስት ሆኖ አገኘሁት! የስምንቱንም ዓሣ ፊት መረመርኩ፤ ጅራተ ረጅሙን ጠርጥሬ ቀኑን ሙሉ ስገላምጠው ዋልኩ። በዐስር ሰዓት ባባ ኡመር፣

«አንዱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ቀነጠብኩት። ምነው ፊትህ ገረጣ?» አሉኝ።

ያለፈው እሑድ ሠላሳኛው ቀን ነበር። ከግንዱ ጫፍ አዲስ ቅጠል ተጠቅልሎ ወጥቷል። ባባ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩትና ስልካቸውን አወጡ።

«ስንት ቀን?»

«ስድሳ፣ ባባ። ለ... ለጋብቻ ነው።»

«ማሻአላህ! ማንን?»

«እዚህ የነበረችውን ዘመናይን።»

ስልኩን ዝቅ አደረጉት። «እርሷ ታውቃለች?»

«ገና አልነገርኳትም።»

እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «ያላ፣ ሂድ እንግዲህ! ሰላጣውን እኔ እሰጣቸዋለሁ» ብለው ፈቃዱን ከፊቴ ከፈቱልኝ።

የትንሣኤ ማግስት ሰኞ እሳፈራለሁ፤ ረቡዕ መካነ ሰላም እደርሳለሁ። አጎቴ ገብሩ ሐሙስ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ አባትሽ ቤት ለመሄድ እሺ ብለውኛል። ይህን ሁሉ አሰናድቼ ትናንት የምለብሰውን ሸሚዝ ስተኩስ ግን የባባ ጥያቄ ትዝ አለኝና ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ሸሚዙም ተቃጠለ። የአሠሪዬን ፈቃድ ለምኜ አገኘሁ፤ የአጎቴን ጠየቅሁ፤ ለአባትሽ የሚነገረውን ቃል አሳመርኩ። አንቺን ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም።

ፍቅሬ አንብበሽ እስክትጨርሺ ደጃችሁ ላይ ይቆማል፤ መልስሽንም ወዲያው በስልክ ይነግረኛል። እንቢ ካልሽ አጎቴን ከመንገድ እመልሳቸዋለሁ፤ በእኔ ምክንያት በአባትሽ ፊት እንድትጨነቂ አላደርግም። እሺ ካልሽ ሐሙስ ይመጣሉ። ከሁሉም በፊት ግን የመጨረሻው ቃል ያንቺ ነውና፣ ዘመናይ፣ ታገቢኛለሽ?

መልስሽን ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው፣
ባዩ
ሪያድ፣ መላዝ