ያልተበሳው ካሚዮን

ሰኔ 21፣ ሰኞ ጧት

ጎማ አየሁ፣ ውሃ ሞላሁ፣ መስተዋት ወለወልሁ። ካሚዮኑ አዲስ ስለሆነ ለሾፌሩ ሌላ ሥራ አይሰጥም። ትንሽ ነው፣ ጉልበቱ ግን ደህና ነው። ባለቤቱ ሐጂ ይማም በየጧቱ እየመጡ በመዳፋቸው ይደባብሱታል። ግመሎቻቸውን ሁሉ ሸጠው ነው የገዙት። እንደ ግመልም ያናግሩታል። ስስቅ ያኮርፉኛል።

አስካለ ዛሬም አልተነሣችም። ሮቢ ወንዝ ዳር እንስራ እንዳዘለች ወድቃ ወገቧን ከተሰበረች ወዲህ በጀርባዋ ነው የምትውለው። አንተ ደብተር፣ ስለ ሚስቴ ስጽፍብህ እጄ ይከብደኛል። ስለ ጎማ ብቻ ብጽፍልህ በወደድሁ።

ሰኔ 22፣ ማክሰ.

ወጌሻው መጣ። ዳሰሳት፣ ወደ ውጭ ጠራኝ። ከእኔ አቅም በላይ ነው፣ ደሴ ሐኪም ቤት አድርሳት አለ። መንገድ ላይ ከተናጠች ግን አትተርፍም።

እንዴት ነው የማትናጥ? ጣሊያን መንገዱን ገና እየሠራው ነው፣ ኮረቱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ካሚዮኑም ከሥሩ ያለው ተጣጣፊ ብረት፣ ባሌስትራው፣ አዲስና ደረቅ ነው፣ ባዶውን ሲሄድ እንደ ፍየል ይዘላል።

ከሰ.በ. ለሐጂ ነገርኋቸው። ሳልጨርስ ውሰደው አሉኝ።

ሰኔ 24፣ ሐሙስ

ሐጂ መላ አምጥተዋል። አልጋዋ ወለሉን ሳይነካ ይንጠልጠል። የዕቃ መጫኛው ጎን ይበሳ፣ የብረት ቋሚ በቡሎን ይታሰር፣ አልጋው በሰንሰለት ይሰቀል።

መላው ጥሩ ነው። ግን ዋስትናውስ? የሸጠላቸው ኩባንያ በወረቀት ጽፎ ሰጥቷል፤ ብረቱን የበሳ፣ የቆረጠ ወይም የበየደ ዋስትናው ይቀርበታል። ባለፈው ማርሹ አልገባ ሲል ደሴ ላይ በነፃ የቀየሩልን በዚሁ ወረቀት ነው። ዋስትናው ከቀረ አንድ ብልሽት ሐጂን ባዶ እጃቸውን ያስቀራቸዋል።

"ወላሂ ብሳው" አሉ። "ብረት ነው።"

እንዴት ተደርጎ አልሁ። ሐጂ ከይሉኝታ ነው የሚሉት። ሚስቴ ተኝታ ሳለች ትልቅ ሰው አፉን ከፍቶ ንብረቴን አትንካብኝ ይላል? ብዙ ተከራከርን። እኔ ረታሁ።

ሰኔ 25፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ አባ ሰይድን ይዘው መጡ። የአርጎባ ሽማግሌ ናቸው፣ የግመል ኮርቻ ሲሠሩ ነው ያረጁት። ካሚዮኑን ዞሩት፣ አጎንብሰው ሆዱን ሁሉ አዩ። ምንም መብሳት አያስፈልግም አሉ። በብረቱ ፈንታ የእንጨት ቋሚዎችን ከመጫኛው ጎን ጋር በእርጥብ ጠፍር መጠፈር ነው። ቆዳው ሲደርቅ እየተኮማተረ ከብረት ይበልጥ ይይዛል። አልጋውንም በዚያው በጠፍር ማንጠልጠል።

አንድ ቀዳዳ የለ። ዋስትናው አይነካ። ደስታዬን ምን ብዬ ልጻፍልህ? የበሬ ቆዳ ተገዝቶ ተዘፈዘፈ። ሰፈሩ ሁሉ ሸተተ፣ አስካለ አፍንጫዋን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ሰኔ 27፣ እሑድ

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጠፍሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ራሴ ተንጠለጠልሁበት፣ ንቅንቅ አላለም።

ዝናብ ግን ጠፋ። ማሽላው እየጠወለገ ነው። ቤ/ክ ምሕላ ነው፣ መስጊድም ዱዓ ነው። እኔም ቆሜ ዝናብ ለምኜ መጣሁ።

የደሴ መንገድ የይለፍ ወረቀት ተገኘ። ጣሊያኖቹ ተራራው ላይ አርበኛ አለ እያሉ ሲመልሱኝ ነው የሰነበቱት። ነገ እንሄዳለን።

ሰኔ 28፣ ሰኞ፣ ከጧቱ 3 ሰ.፣ ጀውሃ

ሞተሩ እስኪበርድ ቆመናል። ኬላው ላይ ወታደሩ ብርድ ልብሷን ገልጦ ፈተሻት። ደሜ ፈላ፣ ዋጥሁት።

ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው! አልጋው ይወዛወዛል እንጂ አይናጥም። አስካለ እሹሩሩ እያላችሁኝ ነው ትላለች። ሐጂና አባ ሰይድ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ደሴ እንገባለን።

ሰኔ 30፣ ረቡዕ

አንተ ደብተር፣ አስካለ ሞተች።

ልጻፈው። አጣዬን እንዳለፍን ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ ወረደ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የለመነው ዝናብ። ጠፍር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ይረዝማል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ሁላችንም ረሳነው። አባ ሰይድ እንኳ ረሱት። የግመል ነጋዴ በዝናብ መንገድ አይወጣም፣ ኮርቻቸው ዝናብ አይቶ አያውቅም።

ካራቆሬ ሳንደርስ ከኋላ የጋቢናውን ጣራ ደበደቡት። ቆምሁ። አንዱ ቋሚ ተንሸራቶ አልጋው በግርጌዋ በኩል ወለሉን መትቷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆመው አልጋውን በእጃቸው ያዙ። ሐጂ ጥምጥማቸውን ፈትተው ፊቷን ከዝናቡ ከለሉላት። በእግር ከሚሄድ ሰው ቀስ ብዬ ነዳሁ። ካራቆሬ ስንገባ ሮጬ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጎንበስ አልሁ።

"በቄ፣ ለማሽላው ደረሰለት" አለች።

ሌላ አልተናገረችም። ትናንት ቀወት፣ አባቷ አጠገብ ቀበርናት።

ሐምሌ 3፣ ቅዳሜ

ለቅሶ ላይ ነኝ። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናቡ ተመስገን ይላል፣ ወዲያው ትዝ ይለውና አንገቱን ይደፋል። አባ ሰይድ በር ላይ ተቀምጠው ተንሰቀሰቁ። የእርስዎ ጥፋት አይደለም አልኋቸው፤ ከልቤ ነው።

ሐጂ ከጎኔ ተቀመጡ።

"ብሳው ያልሁህ ላፌ መሰለህ?" አሉ። "የምሬን ነበር፣ ልጄ። አንተ ለእኔ አዝነህ…" አልጨረሱትም።

ደግሞስ ለእሳቸው አዝኜ ብቻ ነው? የሰው ውለታ ከብዶኝም ነው። ያ ነው የከበደኝ፣ ደብተር ሆይ። አሁን የተሸከምሁትን እይልኝ።

ሐምሌ 7፣ ረቡዕ

የኩባንያው ሰው ካሚዮኑን ሊያይ ከደሴ መጣ። ሥሩ ገባ፣ ጎኑን ዳበሰ፣ ቀዳዳ ፈለገ። የለም። አያያዝህ ጥሩ ነው ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ዋስትናው እንዳለ ነው።

ጓሮ ሄጄ አለቀስሁ። በቀብሯ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀስሁም።

ሐምሌ 13፣ ማክሰ. ጧት

ከቀወት ሰዎች መጡ። ወንድማቸው ጣሊያን መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ተንዶበት ጭኑ ደቋል። በቃሬዛ ይዘውታል። ወጌሻው ደሴ ይድረስ፣ ግን እንዳይናጥ ብሏል። ካሚዮኑን ይለምኑኛል። ሐጂ ገበያ ወጥተዋል። ዝናቡ አላባራም።

ሰው ልኬ ላስጠይቅ አልሁ። ተውሁት። የሚሉትን አንዴ ብለውኛል፣ ያላመንኋቸው እኔ ነኝ።

መሰርሰሪያውን ከቀጥቃጩ ተዋስሁ። ቀለሙ ተላጠ፣ ብረቱ ሲጢጥ አለ፣ አለፈ። ሁለተኛውን ስበሳ ሐጂ ደረሱ። አዩኝ፣ ቀዳዳውን አዩ። ጋቢያቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ተንበረከኩና ቡሎኑን በወዲያ በኩል ያዙልኝ።

ሰንሰለቱ ተሰቅሏል። ሰውየውን እየጫኑት ነው፣ ይጠሩኛል። ቢሞት እንኳ በእኔ ይሉኝታ አይሞትም።