በኩራባ መንገድ የሚነሱብኝ ጣቶች

ለውድ እታለሜ ሪኔት፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እናታችንስ፣ ያ ክፉ ሳል ለቀቃት? የቦዬው ምርት ዘንድሮ በረከተ? አሳማዎቹስ ደህና ናቸው? እኔ ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ መቆሙን አይተሽ ሌላ ሰው የጻፈልኝ እንዳይመስልሽ። አገር ቤት ሳለሁ የማታ አስተማሪያችን እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ በደሴታችን ታይቶ አይታወቅም ብሏል፤ ባይልም ሊል ነበር።

ባለፈው በስልክ እያለቀስኩ ‹‹አጎታችንን ለምኚልኝ፣ አገሬ ልመለስ›› ያልኩሽን ለአጎታችን ለያውስ እንዳትነግሪው። ነገሩ ተለውጧል።

የአናጢነት ትምህርት ቤቱ ሲቀበለኝ ‹‹አንድ ዓመት ወጣ ብዬ፣ ምን እንደምፈልግ አስቤ እመለሳለሁ›› ብዬ ደረቴን ነፍቼ እንደወጣሁ ታውቂያለሽ። ማሰቢያ ጊዜማ ሞልቶኛል። በተቀጠርኩበት የበግ እርሻ ቀኑን ሙሉ የበጎቹን አጥርና የውኃ ገንዳ በመኪና እየዞርኩ አያለሁ። አሠሪዬ ግሬም ጠዋት ‹‹በረደ››፣ ማታ ‹‹በጣም በረደ›› ካለኝ ያን ቀን ብዙ አወራ። እንደኛ ሲመሽ ወንዱ ተሰብስቦ ካቫ የሚጠጣበት ዛፍ ሥር እዚህ የለም። አናጢ ልሁን? ሌላ ነገር ልሁን? ወይስ እንዲሁ ላርጅ? ያንኑ እያላመጥኩ አድራለሁ።

በዚህ ላይ ጣቱ መጣ። ከፊቴ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ፣ ሽማግሌው ቢሉ የፖስታ መኪና ነጂዋ፣ ልንተላለፍ ስንል ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ብድግ ያደርግብኛል። ፈገግታ የለ፣ ቃል የለ፤ ጣት ብቻ። ያን ሰሞን ከጎረቤት እርሻ ናፍጣ ተሰርቆ ስለነበር ‹‹በቃ ካፓሉ፣ ሌባው አንተ ሆነሃል፤ ተማክረውብሃል›› አልኩ። መተትም ቢሆን ብዬ በኪሴ ቅጠል ያዝኩ። ባርኔጣዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ማለፍ ጀመርኩ፤ ሱቅ መሄድም ተውኩ። ሻንጣዬን የሸከፍኩትና አንቺ ጋ የደወልኩት ያኔ ነው።

ሻንጣውን ያየችው የግሬም እናት እማማ ኖላ ናት። ሹራብ ልትሰጠኝ መጥታ ‹‹ወዴት ነው ጉዞው?›› አለችኝ። ሳልወድ በግድ የጣቱን ነገር ነገርኳት። ‹‹አንተ ሞኝ! ሰላምታ እኮ ነው! አገሩ ሁሉ ሰላም ሲልህ አንገትህን ደፍተህ ታልፋለህ፤ ‹ያን ኩራተኛ ልጅሽን ምን በደልነው?› እያሉ እኔን ነው የሚያደርቁኝ። የናፍጣው ሌባ ከተያዘ ቆየ፤ የባለቤቱ የገዛ አማች ነው!›› ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ።

ወዲያው አላመንኳትም፤ አሮጊት ልትሸነግል ትችላለች። በማግስቱ ልፈትናቸው ብዬ አንድ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ጣት አነሰ ብዬ ሁለት እጄን ከመሪው ላይ አነሳሁለት፤ ለትንሽ ነው ቦይ ውስጥ ያልገባሁት። ሰውዬው መኪናውን አቁሞ ‹‹ለካስ እጅ አለህ! ቅዳሜ ሥጋ እንጠብሳለን፣ እጅህን ይዘኸው ና›› አለኝ። ሄጄ ጠግቤ በላሁ። ለምን እንደጠሩኝ ግን አሁንም እያጣራሁ ነው።

እታለም፣ አናጢ ልሁን አልሁን ገና አላወቅሁም። ማታ ማታ ብቸኝነቱ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ይላል፤ አልዋሽሽም። ግን ሲነጋ ሰላም የምለው ሰው አለኝ፤ በዚያ ዓመቱን እጨርሳለሁ።

እናቴን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለአጎቴ ለያውስ ‹‹ካፓሉ ነጮቹን ሰላምታ እያስተማረ ነው›› በይው። ልጆችሽን በየስማቸው ሳሚያቸው፤ ለባልሽም ጤና ይስጥልኝ ብያለሁ። አንድ ባለ ቀይ ጭነት መኪና ሰውዬ ብቻ ጣቱን አንስቶልኝ አያውቅም። እሱን ጠርጥሬዋለሁ።

ወንድምሽ ካፓሉ
ኩራባ መንገድ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ አውስትራሊያ
ኦገስት 14 ቀን