ስም ያልወጣለት መሪ ያዥ

ናጉ ደሴት፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1998

ለታላቅ ወንድሜ ለኤስኪል፣

ጤናህ እንዴት ነው ብዬ እንዳልጀምር የጤናህን ነገር ማግኑስ በስልክ ይነግረኛል፤ አንተም ብትሆን ጤናህን የሚጠይቅህን ሁሉ «ገና አልሞትኩም» እያልክ ስታባርር የኖርክ ሰው ነህ። ስለዚህ በሌላው ልጀምር። ናፍቀኸኛል። በጣም ናፍቀኸኛል።

ሊስቤት፣ ይህን ጮክ ብለሽ ለአማትሽ የምታነቢለት ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስድብ ሲያጋጥምሽ ግን አትዝለይ፤ እሱ እኔን የሚያውቀኝ በስድቤ ነው። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽም ታገሺኝ። መዳፌ ተልጦ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

እዚህ በረዶው የጀልባ ማቆሚያውን አንቆ ይዞታል። ጀልባችን ሲግኔ በጎተራው ውስጥ ሸራ ለብሳ ተኝታለች፤ እሑድ እሑድ ገልጬ አያታለሁ። ደህና ናት። እንጨቷን መታ መታ ሳደርገው ያው የምታውቀውን ድምፅ ትሰጣለች። ትናንት አጠገቧ ቆሜ አባባ ትዝ አለኝ። ሠርቶ ሲጨርሳት እማማ «በስሜ ጥራልኝ» ብላ ስትለምነው «በሕይወት ያለ ሰው ስም ጀልባ ላይ አይጻፍም፤ ባሕር የተጻፈለትን የራሱ ያደርጋል» ብሎ እምቢ አላት። ጀልባዋ ስንት ዓመት ያለ ስም ስትሄድ ኖረች! ቀለምና ብሩሽ ያነሣው እማማን ከቀበርን በኋላ ነው። አንተ ያን ቀን ቆርቆሮውን ይዘህለት ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በገና ሰሞን ልጅህ ማግኑስ ደውሎ «አጎቴ፣ ጀልባዋን ሽጣት። አባባ ከእንግዲህ አይሳፈርባትም፤ አንተም ብቻህን አትችላትም» አለኝ። ገዢም አግኝቶልኛል፣ የኦቦ ከተማ ጥርስ ሐኪም። ጥርስ ሐኪም፣ ኤስኪል! ሲግኔ ላይ! ሰደብኩት፤ ከዚያ ደግሞ አዘንኩለት፣ ልጁ ክፉ አይደለም። «እስከ ጀልባ ኤግዚቢሽኑ ታገሰኝ» አልኩት። «ቀኝ ጎኑ የማይሠራ ሰው በግራ እጁ ብቻ የሚሳፈርበት ዕቃ ካገኘሁ አልሸጣትም። ካጣሁ ለጥርስ ሐኪሙ ራሴ እደውላለሁ።» እሺ አለ። ሲስማማልኝ ፈጠነ፤ አያገኝም ብሎ መሆኑ ገብቶኛል።

ሄልሲንኪ የወሰደችኝ ጉኔል ናት። ከመርከቡ ማቆሚያ አጠገብ ያለው ሱቅ አሁንም በእሷ እጅ ነው፤ ምላሷም እንደ ድሮው ነው። «ብቻህን ብለቅህ የጀልባ ምሰሶ ገዝተህ በአውቶቡስ ትመጣለህ» ብላ ሱቋን ዘግታ መኪናዋን አስነሣች። መንገዱን ሙሉ ስለ አንተ ስታወራ ነበር። በአንድ ወቅት ልታገባህ አስባ እንደነበር ነገረችኝ፤ «ምን ከለከለሽ?» ብላት «ሁለታችሁን ማግባት ስላልቻልኩ ነዋ» አለችኝ።

አዳራሹን ታውቀዋለህ። ውጭ በረዶ፣ ውስጥ ጀልባዎቹ በደረቅ ወለል ላይ ተገትረው ያብረቀርቃሉ፤ ባሕር የናፈቀው ሁሉ በከባድ ጫማው ይተራመሳል። እኔና አንተ በየዓመቱ ሄደን ከቋሊማና ከአንድ ጥቅል ገመድ በቀር ገዝተን አናውቅም። አንተ ትልልቆቹ ጀልባዎች ውስጥ ገብተህ «የሳውና መታጠቢያው የት ነው?» እያልክ ሻጮቹን ስታሳብድ ነበር የምንውለው። ዘንድሮ ያን የሚጠይቅ አልነበረም። ሻጮቹ እጅግ ጨዋ ሆነው ዋሉ፤ ጨዋነታቸው አስጠላኝ።

በሩ ላይ ቀኝ እጄን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ከዚያ ወዲያ እንዳላወጣው ለራሴ ማልኩ። አንተ የማትችለውን እኔም ልቻለው አይገባም ብዬ ነው። መጀመሪያ ገመድ ማጠንጠኛዎቹ ጋ ሄድኩ። ሰማያዊ ቆብ ያደረገች ልጅ መዘውሩን ሰጠችኝ።

«አባባ፣ በሁለት እጅዎ ቢይዙት ይቀልዎታል» አለችኝ።

«ለወንድሜ ነው። ሁለተኛው እጁ አይሠራም።»

«እሳቸው ራሳቸው መጥተው ቢሞክሩት አይሻልም?»

«ሥራ በዝቶበት ነው» አልኳት። ጉኔል ከኋላዬ ተንከተከተችብኝ።

መዘውሩ በግራ እጅ ይዞራል፤ እሱስ እሺ። የገመዱን ጫፍ ማን ይዞ ይጎትታል? በጥርሴ ሞከርኩት፣ ያዘልኝ። ግን የአንተ ጥርስ ማታ ማታ ብርጭቆ ውስጥ ነው የሚያድረው። ለዚህስ ጥርስ ሐኪሙ ሳይሻል አይቀርም ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ልጅቷ ደነገጠች።

ከዚያ የነፍስ አድን ጃኬቶቹ ጋ ሄድን። ግራ እጄን ማስገባቱን ቻልኩበት። ማያያዣውን ግን አልቻልኩም። በጉልበቴም፣ በአገጬም፣ ግድግዳ ተደግፌም ሞከርኩ፤ ላቤ ጀርባዬን አጠበው። በመጨረሻ ጉኔል መጥታ እንደ ሕፃን ቆለፈችልኝ። አልቀለደችብኝም። እሷ ሳትቀልድ ስትቀር ነገር እንደተበላሸ አንተም ታውቃለህ።

ቀጥሎ ሰው ከመሬት አንሥቶ ጀልባ ላይ የሚያሳርፍ ወንበር አገኘን። ከላይ በገመድ የተንጠለጠለ፣ ሆድና ጭን የሚታሰርበት። እግሩ እምቢ ላለው ሰው ተብሎ የተሠራ ነው። አገኘሁት አልኩ። ጉኔል «እኔ ልሞክርልህ» ብላ ተቀመጠችበትና ሰዎቹ ወደ ላይ ጎተቷት። መጀመሪያ እንደ ኮረዳ ጮኸች፣ ሕዝቡም አጨበጨበላት። ከዚያ እግሮቿ አየር ላይ ተንጠልጥለው ቀስ ብላ ስትዞር ፊቷ ተለወጠ።

«አውርዱኝ» አለች። ሲያወርዷት ቀሚሷን እያስተካከለች ወደ እኔ መጣች። «ሩሪክ፣ ኤስኪልን እዚህ ላይ እንዳትሰቅለው። እኔ ባለሱቅ ነኝ፣ ግድ የለኝም። እሱ ግን ይሞታል።»

«ምን ትያለሽ አንቺ?»

«በሐፍረት ነው የምልህ።»

 ልክ ናት። አንተ መርከብ ላይ ስትወጣ እጁን የሚዘረጋልህን ሰው እጅ የምትመታ ሰው ነህ። እንደ ዱቄት ከረጢት እያዞርኩ ካወጣሁህ በኋላ ምን ብዬ ዓይንህን አየዋለሁ?

ተስፋዬ ያኔ ነው ያለቀው፣ እውነቱን ልንገርህ። ቋሊማ ገዛንና ቆመን በላን፤ ሰናፍጩ አፍንጫዬን ሲሰነፍጠኝ በእሱ አሳብቤ ዓይኔን ጠረግሁ። ጉኔል «እጅህ ተፈታ እንዴ?» አለችኝ። ሳላውቀው ቀኝ እጄን ከኪሴ አውጥቼ ኖሯል። መልሼ አልከተትኩትም።

ልንወጣ ስንል ነው ጥግ ላይ ያለውን ሰውዬ ያየሁት። ሬይማ ይባላል፣ የኮትካ ሰው፣ ራሱ ሠርቶ ራሱ የሚሸጥ። ዕቃው ከጀልባዋ ኋላ የሚታሰር ነው፤ አንድ ክንፍ ነፋሱን ይጠብቃል፣ ነፋሱ ሲለወጥ ክንፉ ያዘነብልና መሪውን በገመድ ይጎትታል። ሰው ሳይነካው ጀልባዋ መንገዷን ትይዛለች። ባትሪም አይፈልግ፣ ምንም።

«ምግብ አይጠይቅም፣ አያንኮራፋም፣ አይከራከርም» አለኝ ሬይማ። «ጓደኛ ያለው ሰው ግን አይገዛኝም። እርስዎ ከማን ጋር ነው የሚወጡት?»

«ከወንድሜ ጋር።»

«ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?»

ቁጭ ብዬ አወራሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ። ኤስኪል መሪውን በዳሌው ይዞ በሁለት እጁ ዓሣና ጥቁር ዳቦ እንደሚበላ፣ ነፋስ ሲጠፋ በጸሎት ፈንታ እንደሚሳደብ፣ እኔ በሸራው በኩል እሱ በመሪው በኩል ሆነን ሳንነጋገር ስንት ክረምትና በጋ እንደኖርን ነገርኩት። ሰውዬው እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «ሰዎች ስም ያወጡለታል» አለኝ። «አንዱ በአማቱ፣ አንዷ ጥሏት በሄደው ባሏ። ብቻዬን ነኝ ላለማለት ነው። የእርስዎስ ማን ይባል?»

«ተወው፣ ስም አያስፈልገውም» አልኩት። ገዛሁትም።

ለምን ገዛሁት መሰለህ? አንተ ስትመጣ ግራ እጅህ እንኳ አያስፈልግህም፤ ብርድ ልብስህን ለብሰህ ትቀመጣለህ፣ ነፋሱ መሪውን ይዞልህ ደሴቶቹን ትቆጥራለህ። ለጉኔል መኪና ውስጥ እንዲህ አልኳት። እስከ ሳሎ ከተማ ድረስ መንገዱን ብቻ እያየች ነዳች። ከሳሎ በኋላ «ጥሩ ነው» አለች። ማግኑስም ሲደውል «አገኘሁ» አልኩት። «ምን አገኘህ?» ሲለኝ ዘጋሁበት። ይቅር ይበለኝ።

ዕቃው ትናንት በፖስታ መጣ። ሳጥኑን ከጉኔል ጋር ሱቋ ውስጥ ከፈትነው። ክንፉ አለ፣ ገመዱ አለ፣ ማሰሪያው አለ፤ በክንዱ ላይ ደግሞ ያላዘዝኩት ትንሽ የነሐስ ታርጋ ተበይዶበታል። «ኤስኪል» ይላል። በጥልቅ፣ በሚያምር ፊደል ተቀርጾ። ሬይማ በወረቀት «ይህ የእኔ ስጦታ ነው፤ ለሁለታችሁ መልካም ነፋስ» ብሎ ጽፏል። የኮትካ ሰው አባባ ያለውን ከየት ያውቃል? ስምህን ደጋግሜ የጠራሁለት እኔው ነኝ።

ጉኔል «አቤት ሲያምር!» ብላ ፊቴን አየች። «ሞረድ አለሽ?» አልኳት። አመጣችልኝ። እሷ ክንዱን በሁለት እጇ ይዛልኝ፣ እኔ ሞረድኩ። ነሐስ ለስላሳ ነው ይላሉ፤ ውሸት ነው። ፊደሉ እምቢ አለኝ። ደንበኛ ሲመጣ ጉኔል «ዝግ ነው!» ትላለች፣ በሩ ግን ክፍት ነው። መዳፌ ሲላጥ «በቃህ፣ ሩሪክ፣ ብረት ነው እኮ» አለችኝ። አልበቃኝም። አመድ የመሰለው የነሐስ ብናኝ ጠረጴዛዋን ሞላው። ሲመሽ ታርጋው ልሙጥ ሆነ። ብርሃን በጎን ሲመታው ብቻ የመጨረሻዋ ፊደል ትታያለች፤ እሷንም ዛሬ ሄጄ እጨርሳታለሁ።

ባሕሩ የሚያነበው ነገር የለም፣ ወንድሜ። ስምህ በእኔ አፍና በዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው።

አንዳንድ ቀን ሰው እንደማታውቅ ማግኑስ ይነግረኛል። አላምነውም። አንተ ማወቅ የማትፈልገውን ሰው ድሮም አታውቅም። ሊስቤት በግራ እጅህ ብዕር ታስይዝህና የፈለግኸውን አድርግበት፤ ጭረትም ቢሆን ላክልኝ። ስድብ ነው ብዬ አነበዋለሁ።

እግዚአብሔር ሌሊትህን ያሳጥርልህ፤ አልጋህንም ሰማይ ከሚታይበት መስኮት አያርቅብህ። በረዶው ሲለቅ ሲግኔን ወደ ውኃ አወርዳታለሁ፤ አንተ በምትቀመጥበት በኩል ዕቃ አላስቀምጥበትም።

ታናሽህ፣
ሩሪክ

ሊስቤት፣ ከዚህ በታች ያለውን አታንብቢለት። ያ የማይቀረው ቀን ሲደርስ፣ በማንኛውም ሰዓት ቢሆን፣ ማግኑስ ሳይሆን አንቺ ደውይልኝ። ታርጋውን ስሞርደው ተጠንቅቄያለሁ፤ አላሳሳሁትም። አንድ ስም አሁንም ሊቀረጽበት ይችላል።