የውሸቱ መንደር ሚስት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 2011

ዛሬ ባል ተሰጠኝ።

ናዲር ይባላሉ። የአፍጋኒስታን ሰው ናቸው፤ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ታክሲ ይነዳሉ። ስድሳ አልፏቸዋል፣ ስለዚህ በሐሳቤ አንቱ እላቸዋለሁ። እናቴም አባቴን አንቱ ነበር የምትለው። እውነተኛው ባሌ ትቶኝ ከሄደ ስለሰነበተ ቅር አላለኝም።

መንደሩ ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ወታደሮች ወደ አፍጋኒስታን ከመዝመታቸው በፊት የሚለማመዱበት የውሸት መንደር። ቤቶቹ የጭቃ ቀለም የተቀቡ ኮንቴነሮች ናቸው። ገበያው ላይ ያለው ሮማን ፕላስቲክ ነው፤ ከጠረጴዛው ጋር ተጣብቋል። ጠዋት ጉም ወርዶ ሁሉም ነገር ግማሽ ግማሹ ብቻ ነበር የሚታየው። አንዲት አጋዘን በመስጊዱ በር ገብታ በጀርባው ወጣች። መስጊዱ የጀርባ ግድግዳ የለውም።

የኔ ሥራ ሰማያዊ ቡርቃ ለብሶ ቤት ውስጥ መቀመጥ ነው። በተሰጠኝ ታሪክ ጓሮ ፈንጂ መቀበሩን አውቃለሁ። ወንድ ወታደር ከገባብኝ መንደሩ በሙሉ ይነሳባቸዋል። ሴት ወታደር ገብታ ቆማ ከጠየቀችኝ ዝም። ሄልሜቷን አውልቃ፣ መሬት ተቀምጣ፣ መጀመሪያ ስለ ልጆቼ ከጠየቀች ብቻ እናገራለሁ። አሰልጣኙ አዲሱ ስልት ይህ ነው አለን፤ ወንዶቹ ሊደርሱባቸው የማይችሉትን ሴቶች በሴት ወታደሮች ማግኘት።

ልጄ ሐና የት እንደምውል አታውቅም። ዓርብ ለአርሚ ሳይን ላደርግ ነው፣ ወታደር ልሆን ነው ብላኛለች። ለዚህ ሥራ ያመለከትኩትም ለዚያ ነው። ወታደሮቹን ምን እንደሚያደርጓቸው በዓይኔ ልየው ብዬ።

ማክሰኞ

የአፍጋኖቹን ቋንቋ አታውቂም፣ አማርኛሽን ተናገሪ አሉኝ። አስተርጓሚዋ ምንም ብል ከተሰጣት ወረቀት ላይ ታነባለች።

ሦስት ሴት ወታደሮች ተራ በተራ ገቡ። ሦስቱም ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ሦስቱም ቆመው ጠየቁኝ። ዝም። ልምምድ አላስፈለገኝም። አባቴ ቤት እንግዳ ሲመጣ እጅ አስታጥቤ፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ ጓዳ ነበር። አሰልጣኙ "ናቹራል ነሽ" አለኝ። ምስጋና መሆኑ ነው።

በምሳ ሰዓት ናዲር ስለ እናታቸው አወሩኝ። እንግዳ ወንድ ድምጿን ሰምቶ አያውቅም። "ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ግን ሦስት ጋብቻ አፍርሳለች" አሉ፣ በኩራት።

ማታ እዚሁ ካለው ማደሪያችን ለሐና ደወልኩ። የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ? የአርሚውን ነገር አልተውሽውም? አልኳት። "ማሚ፣ አይም ፋይን" ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ

አበላሸሁ።

ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ ቡርቃው ሥር፣ እንቅልፍ ይሁን ሌላ ነገር ወሰደኝ። ድምጽ ማጉያው አዛን ያሰማል። ዝናብ ቆርቆሮውን ይመታል። የት አገር እንዳለሁ ጠፋኝ። የቡት ጫማ ኮቴ ሲቀርብ ሐና መጣች ብዬ አሰብኩ። የገባችው ግን ሌላ ወጣት ወታደር ናት፤ ደፉን ሳታየው ተደናቅፋ በጉልበቷ ወደቀች።

"እኔን ድፍት ያርገኝ!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ቀና ብላ አየችኝ። መነጽሯን አወለቀች፣ ሄልሜቷን አወለቀች፣ እዚያው በወደቀችበት ተቀመጠች። ጉልበቷን እያሸች ልጆች አሉሽ ወይ አለች። አንድ ጣቴን አወጣሁ። ከዚያ ወደ እሷ ጠቆምኩ፤ እንዳንቺ ሴት።

አስተርጓሚዋ ከወረቀቷ "አራት ወንዶች ልጆች አሉኝ ትላለች" አለች።

"አንድ ነው ያለችው፣ ሴት ልጅ" አለች ወታደሯ። "ስሟ ማነው?"

"ሐና።"

ፈንጂውን አሳየኋት።

አሰልጣኙ ተቆጣ። በቀላሉ ሰጠሻት አለኝ። ናዲር አሰልጣኙ እስኪሄድ ጠብቀው፣ "አራት ወንዶች ልጆቼን በአንድ ቀን ፈጀሽብኝ" አሉኝ።

ሐሙስ

የመጨረሻው ቀን። ያቺ ልጅ ምሳ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የገና በዓል እንዳለፈ ወደ አፍጋኒስታን እሄዳለሁ አለች። ስወድቅ ያልሽኝን ድገሚልኝ አለች፣ ደገምኩላት። ምን ማለት ነው? "ባንቺ ፈንታ እኔ ልውደቅ" አልኳት። ማኘኳን አቆመች።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታችን ስደርስ ሐና አልጋዋ ላይ ነበረች። ጫማዬን አውልቄ መሬት ተቀመጥኩ። ዓርብን አላነሳሁም። ስለ ጉልበቷ ጠየቅኳት፤ ስትሮጥ አሟት ነበር። ምን እንደበላች። ብዙ አወራች፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። ከዚያ ቆም አለች።

"እንዲህ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ትሪክ ነው?"

"አዎ። ሥራ ቦታ ነው ያየሁት።"

ሁሉንም ነገርኳት፤ ቡርቃውን፣ ባሌን። አራቱ ወንዶች ልጆች ጋ ስደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቀጥሎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ቸርች ስሄድ ቀሚሴን ያያሉ። የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል። ሠርግሽን መቼ ነው የምታበይን ይሉኛል። አንቺም እነሱን ፈርተሽ ሻሼን ታስተካክያለሽ። አርሚ ውስጥ ማንም እንዲህ አይለኝም፣ ማሚ።"

እዚያ ይገድሉሻል ልል ነበር። ዋጥኩት። ሻሹን ግን አስተካክያለሁ። ባለፈው እሑድም።

ትሄጃለሽ ወይ አላልኳትም። እሷም አልነገረችኝም።

ዓርብ

ልብሱን አጥበሽ መልሽ ስለተባልኩ ላውንድሪ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ቡርቃው ብቻውን ማሽኑ ውስጥ ይዞራል። በክቡ መስታወት አንዴ ፊቱ ይመጣል፣ አንዴ ጀርባው። ሳየው ዓይኔ በእንቅልፍ ይከደናል። ሐና ጠዋት ሳትቀሰቅሰኝ ወጥታለች።

አሁን ደወለች። የምልመላው ቢሮ ከዚህ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው።

"በሩ ላይ ነኝ። አልገባሁም። ነይ።"

"ላስቀርሽ ነው ወይስ ልሸኝሽ?"

"አይ ዶንት ኖው። ዝም ብለሽ ነይ።"

ማሽኑ ገና አረፋ ላይ ነው። ውጭ ዝናብ ጥሎ መሬቱ እርጥብ ነው፤ ቢሆንም አጠገቧ መሬት መቀመጥ ይቻላል። ልብሱ ይዙር። ሄድኩ።