የሲሪል ቀብርና የሰባታችን ጥሪ

ውድ ሲሪል፣

ትናንት ቀበርንህ። «አንተን ቀብሬ ቢራህን እጠጣልሃለሁ» እያልክ ዕድሜ ልክህን ስትዝትብኝ ኖረህ፣ ይኸው ጥለኸኝ ሄድክ። በጀርመኑ ጦርነት ጊዜ ከቦምብ ጣይ አውሮፕላናችን ጭራ መትረየስህን ይዘህ ተቀምጠህ ሁልጊዜ ከሁላችን ኋላ የምትደርስ አንተ ነበርክ፤ አሁን ጭራው እኔ ሆንኩ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቀብርህን ፈርቼው ነበር። ጥሪያችንን ታውቀዋለህ። ከመነሳታችን በፊት እኔ አብራሪው ስድስታችሁን በየሥራችሁ እጠራለሁ፣ «አለሁ» ትላላችሁ፣ መጨረሻ ላይ አንተ። አቅጣጫ መሪያችን ሃሮልድ ሲሞት መቃብሩ ላይ ያንኑ ጥሪ ጠራሁ፤ በሕይወት ያለነው መለስን፣ በእሱ ቦታ ዝም አልን። ከዚያ በየቀብሩ ዝምታው እየረዘመ ሄደ። ካናዳዊውን ግሌንን ስንሸኝ የመለስክልኝ አንተ ብቻ ነበርክ፣ ያውም ቄሱን በሚያስደነግጥ ጩኸት። አሁንስ ማን ሊመልስልኝ ነው?

ልጄን ሂላሪን፣ አልጠራም፣ በሰው ፊት ከባዶ አየር ጋር አላወራም አልኳት። እሷም ደስ እንዳለህ ብላኝ ስልኳን ይዛ ወጣች። መጠርጠር ነበረብኝ፤ ያቺ ልጅ ከእኔ ጋር ተስማምታ አታውቅም።

የሊንከንሻየር ዝናብ እንደምታውቀው ነው። እኔና ሚስትህ ዶሪን ከቄሱ ጋር ብቻችንን የምንቀር መስሎኝ ነበር። ሲሪል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሕዝቡ ከበሩ ውጭ በዝናብ ቆሟል! ገበሬው ትራክተሩን አቁሞ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት በሩን ዘግቶ፣ ከጦር ሰፈሩ ወጣቶቹ ደንብ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተዋል። ጦርነቱ ሲያልቅ ዓይናችንን ለማየት ያፈረው ሰው ስንት ነበር? ከታች በቦምባችን በተቃጠሉት ሰዎች እኔም ዛሬ ድረስ ያመኛል፣ አንተም ያምህ ነበር። ግን አብረውን ቁርስ በልተው ለምሳ ያልተመለሱትን ልጆች የሚያስታውስ ሰው ጠፍቶ ነበር። ትናንት የአስከሬን ሳጥንህ ሲያልፍ ባርኔጣ ሁሉ ወረደ። ጎበጥኩ ስል የኖርኩት ሰውዬ ቀጥ ብዬ ተራመድኩ።

ቄሱ ጸሎቱን ጨርሶ አየኝ። አቀረቀርኩ። ጥሪያችንን «የሽማግሌ ዕብደት» ስትል የኖረችው ዶሪን ከፊት ወንበር ዞረች።

«አንተ ዊልፍሬድ፣ ምን ትጠብቃለህ? ጥራቸው እንጂ» አለችኝ።

ዶሪንን እምቢ የሚል ማን አለ? ከዘራዬን ተደግፌ ተነሳሁ። «መሐንዲስ» አልኩ። መልስ የሚመጣ ስላልመሰለኝ ወደ ወንበሬ ዞርኩ። ከዚያ ከኋላ የሴት ድምፅ «መሐንዲስ፣ አለሁ» አለ። የቴድ ልጅ ናት፣ አገጯ ቁርጥ አባቷን። «አቅጣጫ መሪ» ስል የሃሮልድ የልጅ ልጅ ከስኮትላንድ ሌሊቱን በባቡር ተጉዞ ኖሮ ብድግ አለ። ለግሌን ከካናዳ ውቅያኖስ አቋርጣ የመጣችው ሴት ልጁ እንባዋን እየጠረገች መለሰች። ሂላሪ አንድ በአንድ ደውላ ለቅማቸዋለች ለካ! ሌሎቹንም ጠራሁ፣ ሁሉም መለሱ። ድምፄ እንደ ጎረምሳነቴ ሞቀ።

የቀረኸው አንተ ነህ። ልጅ ስላልነበራችሁ ሂላሪ በአንተ ቦታ የሚመልስ አንድ ወጣት ወታደር አዘጋጅታ ነበር። «የኋላ ተኳሽ» አልኩ። ልጁ አፉን ሳይከፍት ዶሪን እጇን ሳጥንህ ላይ አድርጋ ቆመች።

«የኋላ ተኳሽ፣ አለሁ። ኋላውን ለእኔ ተው፣ አንተ ዝም ብለህ ንዳ» አለች።

ቃል በቃል ያንተው ንግግር! በየበረራው የምትለኝን እኔ ነግሬያት አላውቅም። ስትስቅብን ኖራ ሁሉንም በልቧ ይዛው ኖሯል። ሰዉ እያለቀሰ አጨበጨበ፣ ቄሱም ጭምር።

ቢራህን ጠጥቼልሃለሁ። የእኔም ቀን ሲደርስ አትስጋ፤ የአብራሪውን ቦታ ሂላሪ ይዛዋለች። ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ሰማኋት፣ ሁላችሁንም በየተራ ስትጠራ፤ አንድም ሰው አልዘለለች።

አብራሪህ፣
ዊልፍሬድ