ክር ያልተገኘለት የመዝገብ ቅጠል

ወይዘሮ ጥሩብርሃን በመንዝ ተወለዱ። ከዚህ ቀጥሎ የእናት የአባታቸውን ስምና የተወለዱበትን ዓመት ማስፈር ወጉ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ጠዋት ከዚሁ ዓረፍተ ነገር ላይ ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። በዚህ በፎገራ ሜዳ ከሦስት ሺህ የሚበልጥ ሰው የማን ልጅ፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ አጥርተው የሚያውቁ ሴት፣ ስለ ራሳቸው ወላጆች ለሁለት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ተናግረው አያውቁም። ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ አገኘሁሽ አባታቸው ገበሬ እንደነበሩ አጫውተዋቸዋል። ሰንበቴ ላይ ደግሞ ነጋዴ ነበሩ ብለዋል። እኔ ስጠይቃቸው፣ «አባትማ ነበረኝ፤ ያለ አባት የተወለደ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» ብለው ሳቁብኝ።

ይህን የምጽፈው የጡት ልጃቸው፣ የወረታ ትምህርት ቤት መምህር አያልነህ ገሰሰ ነኝ። ነገርን በቀንና በዓመት ማሰለፍ ሥራዬ ነው፤ ዛሬ ግን ግራ ገብቶኛልና ለቀስተኛው ይቅር ይበለኝ። ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው። ቄስ ደረሰ ጠዋት መጥተው «የክርስትና ስማቸውን ስጠኝ» ሲሉኝ አላውቀውም አልኋቸው። ስማቸውን የሚያውቁት ባለቤታቸውና የነፍስ አባታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። የሰውን ሁሉ ስም ሲያስጽፉ የኖሩ እናት፣ ያለ ስም ወደ መቃብር ሊወርዱ ነው ብዬ ደነገጥሁ። አሁን ስሙን አግኝቼዋለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት እስክናገር ግን ታገሡኝ፤ ማንበቡም ለእኔ ቀላል አይደለም።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን በልጅነታቸው ወላጆቻቸው ስለሞቱባቸው ያደጉት በክርስትና እናታቸው ቤት ነው። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ለአካለ መጠን ሲደርሱ መሪጌታ የሻውን በተክሊል አገቡ፤ ከአርባ ዓመት በላይም አብረው ኖሩ። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጣቸውም።

በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ሁለቱም ከመንዝ ተነሥተው ወረታ ገቡ። መልእክታቸው ከላይ ካሉ የቤተ ክህነት አባቶች የተሰጠ ነበር። በዚህ ረግረግ አገር የቆዩ መዛግብት በርጥበትና በምስጥ እያለቁ፣ ትውልድ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎችም እያረፉ ስለሆነ፣ በየቤቱ እየዞሩ የእያንዳንዱን ወገን ትውልድ፣ የክርስትና ስም፣ ጋብቻና ዕረፍት በአዲስ መዝገብ እንዲያሰፍሩ ነው የተላኩት። መሪጌታ ያን ጊዜ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ወይዘሮ ጥሩብርሃንም ወደ ስድሳው ተጠግተዋል። ሰው በዚያ ዕድሜው ደጋ አገሩን ትቶ የፎገራን ትንኝ ፍለጋ ለምን ይመጣል? ያኔም አልገባኝም፤ አሁንም እንጃ። ሁለት ዓመት ብለው መጥተው መሪጌታ ስምንት፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን አሥራ ሁለት ዓመት ኖሩ። በዚያ ሙቀት የበግ ጠጉር ባና ተከናንበው ከመኪና ሲወርዱ የወረታ ሰው «ወይ ጉድ! እነዚህስ ብርዱንም ይዘውት መጡ» ብሎ ስቋል። ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። መሪጌታ ደጅ ከወንዶቹ ጋር ይቀመጣሉ፤ ወንዶቹም ትውልዳቸውን ይቆጥሩላቸዋል። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ወደ ጓዳ ይዘልቃሉ፤ ከአራሷም፣ ከምትፈጨዋም፣ ከባልቴቷም ያንኑ ትውልድ እንደገና ይሰማሉ። መጻፍ ስለማይችሉ ለእያንዳንዱ ወገን አንድ የጥጥ ክር ያወጣሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቋጠሮ ይቋጥራሉ። ቤት ሲመለሱ ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ይናገራሉ፤ መሪጌታ ይጽፋሉ። አንዱ ወገን ሁለትም ሦስትም የመዝገብ ቅጠል ይፈጃል፤ ክሩ ደግሞ በቅርጫት ይቀመጣል። አንድ የይፋግ ሰው ትውልዱን ቆጥሮ ቆጥሮ ንጉሥ ዘንድ ሲደርስ፣ እናቱ ከጓዳ «አያትህ የሰው ከብት ሲጠብቅ ነው የሞተው፤ ንጉሡን ከየት አመጣኸው?» ብለው ጮኹ። መሪጌታ ብዕራቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ የጻፉት ግን እናቲቱ ያሉትን ነው።

በ1951 ዓ.ም. ጠብ ተነሣ። ባልና ሚስቱ የሸክላ ሠሪዎቹንና የቀጥቃጮቹን ቤት መቁጠር ጀምረው ነበርና፣ ገበሬው «የእነሱ ከእኛ ጋር በአንድ መዝገብ?» ብሎ ተቆጣ። ሰው እነዚያን ቤቶች የሚጠራበትን ስም ከአስከሬን ፊት አልደግመውም። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ቁጣ የማያውቁ ሴት ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው፣ «ውኃችሁን የምትቀዱበትን እንስራ ማን ሠራው? ስሙን ላስጽፍለት ነው፤ ሌላ ምን አደረግሁ?» አሉ። መዝገቡም እንደተጀመረው ቀጠለ። እኔ ደግነታቸው ነው ብዬ አለፍሁት።

በ1952 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ማግስት፣ እኔን የጡት ልጅ አደረጉኝ። የሰውን ዘር ሲጽፉ ኖረው የእነሱ በእነሱ ሊያበቃ መሆኑ ይከነክናቸው ነበር። የወለዱኝ አባቴ አቶ ገሰሰ ከቁሐር መጥተው ፈቀዱ። መሪጌታና ወይዘሮ ጥሩብርሃን አውራ ጣታቸውን ማር ነክረው በሽማግሌ ፊት እንድጠባ ሰጡኝ፤ ጢም ያበቀልሁ መምህር ጣት ስጠባ መንደሩ ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ። ወገናቸው ወገኔ፣ አጥንታቸው አጥንቴ እንዲሆን ማልሁ። ይህችን መሐላ ለቀስተኛው ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በነሐሴ 1956 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባሕር አደረጉት። ውኃው ከከተማው ዳር ካለው ቤታቸው ሲገባ፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን የክሩን ቅርጫት በጭንቅላታቸው ተሸክመው፣ መዝገቡን በዚያ በሳቅንበት ባና ጠቅልለው ጉብታው ላይ ወጡ። እህሉም አልጋውም ቀረ። መዝገቡ ቢተርፍም ስፌቱ ተፈትቶ ነበር። ቅጠሎቹን ከምድጃው በላይ በገመድ ላይ ሰቅለን ሁለት ሳምንት አደረቅናቸው። ከዚያ በኋላ ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ለፍለጋ ይቀላል ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ቅጠሎቹን ሁሉ በሀሁ ተራ ደረደርኋቸው። የመምህር ነገር! የአንዱ ወገን ሦስት ቅጠል ሦስት ቦታ ተበተነ፤ ልጅ ካያቱ ተለየ፤ የማያውቃቸውን አያቶች አገኘ። ሐሙሲት ላይ ሠርጉ የተቆረጠ ጋብቻ፣ በእኔ መዝገብ ሙሽራውና ሙሽራይቱ የአንድ ሰው የልጅ ልጆች ሆነው ስለተገኙ ሊፈርስ ደረሰ። የሙሽራይቱ አባት ዱላ ይዘው ትምህርት ቤት ድረስ መጡብኝ፤ እውነታቸውን ነው።

ያዳኑኝ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ናቸው። ከመስከረም እስከ ጥር 1957 ዓ.ም. ቅርጫቱን ከጉልበታቸው ሥር አድርገው ተቀመጡ። መሪጌታ ታመው ስለተኙ እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ክሩን ይዳስሳሉ። «ይኸ ቤት ዘጠኝ ቋጠሮ ነው፤ አንተ ያነበብከው አሥራ አንድ። ሁለቱ የሰው ናቸው፤ አውጣቸው» ይሉኛል። እንዲህ እያልን የሐሙሲቱም ሠርግ ተሠረገ፤ ቅጠሉም ሁሉ ወደ ወገኑ ተመለሰ። አንድ ቅጠል ብቻ ቀረ። ራስጌውን፣ አገሩ የተጻፈበትን መስመር፣ ውኃ በልቶታል። ባነበብሁላቸው ጊዜ ቅርጫቱን ወደ ጎን አደረጉ። ከዚያ «እስቲ አንዴ ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምሁላቸው። ክሩ የት እንዳለ ብጠይቃቸው «ይኸኛው ክር የለውም» ብለው ሌላ ነገር ጀመሩ። ጎርፉ ወስዶት ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

ያንን ቅጠል ይዤ ሁለት ወር ዞርሁ። ይፋግ ገበያ ቆሜ አነበብሁት፤ ሐሙሲትም፣ ቁሐርም ሄድሁ። ቅጠሉ የሸክላ ሠሪ ልጅ ስለሚል ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ቤት ሁሉ ገባሁ፤ እነሱም የእኛ ሰው ሁሉ ተጽፏል፣ ይህችን አናውቃትም አሉ። ገበሬዎቹማ ጨርሼ ሳላነብ ያባርሩኝ ነበር። መጋቢት ላይ ደክሞኝ ስመለስ ወይዘሮ ጥሩብርሃን «ባለቤት ካጣ፣ አንተ ለቤትህ ብትወስደውስ? ወገን የሌላት ልጅ ናት» አሉኝ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ምን ነካዎት እሜቴ? እኔ የአቶ ገሰሰ ልጅ የሸክላ ሠሪ ዘር ነኝ ልበል?» አልሁ። ታመው መደብ ላይ ተኝተው የነበሩት መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን ቅጠሉን ከእጄ ተቀብለው «ይሁን፣ ይቀመጥ፤ ወረቀት አይርበውም» አሉ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አላነሡብኝም።

መሪጌታ የሻው በሚያዝያ 1957 ዓ.ም. አረፉ። ሰው ሁሉ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ወደ አገራቸው የሚመለሱ መስሎት ነበር። «ማን ዘንድ?» አሉ፤ ቀሩም። የተወለደውን እያስቆጠሩ፣ የሞተውን እያስጻፉ፣ ጸሐፊው እኔ ሆኜ፣ እስከ ዘንድሮ ሠሩ።

በኅዳር 1961 ዓ.ም. ንዳድ ያዛቸው። መርፌውም ጸበሉም ተሞከረ። ባለፈው እሑድ እጄን ይዘው፣ «ቄሶቹ ስሜን ሲጠይቁህ ያን ክር የሌለውን ቅጠል ስጣቸው» አሉኝ። ትኩሳቱ ነው የሚያናግራቸው ብዬ ውኃ አጠጣኋቸው። ታኅሣሥ 8 ቀን 1961 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በሰላም አረፉ።

ዛሬ ጠዋት ቄስ ደረሰ ሲጠይቁኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ቅጠሉን አወጣሁ። የጻፉት መሪጌታ ናቸው፤ ቀለሙ ግን እኛ ከምንገዛው ሰማያዊ ቀለም የተለየ፣ ገና ከመንዝ ሳይወጡ የበጠበጡት ጥቁር ቀለም ነው። ሁለት ወር ሙሉ በእጄ ይዤ ዞሬ ይህን አላየሁም! እንዲህ ይላል፦ «ወለተ ሥላሴ። አባቷ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ቀጥቃጭ። እናቷ ወለተ ሐና፣ ሸክላ ሠሪ። ክፉ ቀን ካለፈ በስምንተኛው ዓመት ተወለደች። ወገን የላትም።»

እንግዲህ ከላይ ያጎደልሁት ይኸው ሞላ። ቅጠሉ ክር ያልነበረው ስሞቹ ከልባቸው ስለማይጠፉ ነው፤ የገዛ እናቱን ለማስታወስ ክር የሚቋጥር ማን አለ? ሌላው ግን አሁንም አልገባኝም። እያወቁ ለምን ሁለት ወር አንከራተቱኝ? የሚወስዳት ሰው ይገኝ እንደሆነ ሊያዩ ይሆን? ከመንዝስ ያስወጣቸው መልእክቱ ነው ወይስ ይህችው ቅጠል? ያን ዕለት ስመልስላቸው ምን ተሰማቸው? የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ ያቃጥለኛል። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። የሸክላ ሠሪ ዘር ነኝ ልበል ወይ ብዬ ስጮህ፣ ማር የተነከረ ጣታቸውን ከጠባሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መሐላዬን ቀድሞውኑ ምያለሁ፤ የእሳቸው እናት አያቴ ናቸው።

ይህ ሲነበብ ዓይኑን የሚያጉረጠርጥ እንደሚኖር አውቃለሁ። ያጉረጥርጥ። እናንተ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች፣ እንደ ልማዳችሁ ከአጥሩ ውጭ ለብቻችሁ እንደምትቆሙም አውቃለሁ። ዛሬ ግን ሬሳው የእናንተ ነው፤ ኑ ግቡና ቃሬዛውን በአንድ ወገን ያዙልኝ፤ በሌላው እኔ እይዛለሁ።

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ከኋላቸው የተውት ከሦስት ሺህ በላይ ስም ያለበት መዝገብ፣ አንድ ቅርጫት ክርና አንድ ልጅ ነው። በዚያ ቅጠል ግርጌ፣ እንደ ሌሎቹ ቅጠሎች ሁሉ፣ «ልጆች» የሚል መስመር አለ፤ ባዶ ነበር። ዛሬ ጠዋት የራሴን የክርስትና ስም ጻፍሁበት።

የማንንም ስም የማይዘነጋ አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን፤ ወገን የላትም የተባለችውን ወገን ይስጣት። አባታችን ቄስ ደረሰ፣ ስማቸው ወለተ ሥላሴ ነው። ከአጥር ውጭ ያለው ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብለው ይጥሩልን።