ጠፈር የሚወጣው የጋሼ ጋዜጣ

ጦይባዬ፣ ጎንደር እንዴት ናት?

እኔ ጃፓን ሆኜ፣ ጠፈር ወጥቶ ከዋክብትን በኤክስሬይ የሚያይ ቴሌስኮፕ ሲገጣጠም እያየሁልሽ ነው። መሐንዲሷ ከመስታወቶቹ ፊት ስስ የአሉሚኒየም ቀለበቶች ስትደረድር «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አልኳት። «የሌላ ኮከብ ጨረር በጎን ሾልኮ እንዳይገባብን» አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ! አባትሽ ቁስቋም ዳገት ላይ የረመዳንን ጨረቃ ሲፈልጉ፣ ጋዜጣ እንደ ቱቦ ጠቅልለው በቀዳዳው ባንድ ዓይናቸው ያዩ አልነበር? እኛ «ጋሼ፣ ጨረቃዋ ላይ ምን ተጽፏል?» እያልን ስናሾፍባቸው፣ «የጎን ብርሃን እንዳይሻማብኝ ነው፣ እናንተ ደንቆሮዎች!» ይሉን ነበር።

የፖስት ካርዱ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። ልጅሽን ናስርን ሳሚልኝ። ጋሼን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ዓይናቸው ደከመ ብለሽኛል፤ ለጾሙ ስመጣ ጨረቃዋን እኔ አይላቸዋለሁ፣ ጋዜጣውን ግን እሳቸው ይጠቅልሉልኝ።

ኢልሃም